ከልጣጭ እስከ ልባጥ

ኬኩ ክብ ነው። ስፋቱ 24 ሴንቲሜትር፣ ቁመቱ 4 ሴንቲሜትር ያህል ነው። ላዩ ላይ ሰባት ግማሽ ፖሞች ተቀምጠዋል፤ አንዱ መሃል ላይ፣ ስድስቱ ዙሪያውን። እያንዳንዱ ግማሽ ከጀርባው በኩል በቀጫጭኑ ተተልትሏል። በፖሞቹ መካከል ያለውን ክፍተት ወርቅማ ቡናማ ኬክ ሞልቶታል። ከሁሉም በላይ ስስ ልባጥ አለ፤ ከሥሩ ያለውን ሳይደብቅ ብርሃን ይመልሳል።

የጋገሩት አክስቴ ናቸው። ጀርመን አገር ረዥም ጊዜ ኖረው ሲመለሱ ይዘውት የመጡት ሙያ ነው። በጀርመን ቤቶች «የሰመጠ የፖም ኬክ» እየተባለ የሚታወቅ፣ ክሬምም ድርብርብም የሌለው ኬክ ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን በጨንቻ ፖም፣ በፉርኖ ዱቄትና በኮረሪማ ይሠሩታል። ሲሠሩት አጠገባቸው ቆሜ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተከታትያለሁ።

ከተከታተልኩ በኋላ የተረዳሁት ነገር ቢኖር ይህ ሥራ ከሞላ ጎደል ውሃን የመግራት ሥራ መሆኑን ነው። የፖም 85 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። ኦቨን ውስጥ ሲገባ ይህ ውሃ መውጫ ይፈልጋል። ወደ ታች ከወረደ ኬኩ ከሥር ይላቁጣል። ወደ አየር ተንኖ ካለቀ ፖሙ ይጨማደዳል። ሊጡን ቀድሞ ከለቀቀ ኬኩ ይደርቃል። አክስቴ የሚያደርጉት እያንዳንዱ ነገር፣ ከቢላዋ አያያዝ እስከ ብሩሽ አያያዝ፣ ለውሃው ቦታ የሚያስይዝ ነው።

ፖሙ ከጨንቻ ነው። ጨንቻ ከአርባ ምንጭ በላይ ባለው የጋሞ ደጋ ላይ ትገኛለች። የፖም ዛፍ አርፎ እንደገና ለማበብ ብርድ ይፈልጋል፤ በእኛ አገር ብርዱን የሚሰጠው ክረምትና በጋ ሳይሆን ከፍታ ነው። ሚሲዮናውያን ያስገቡት ይህ ፍሬ ዛሬ የአካባቢው ገበሬ መተዳደሪያ ሆኗል። አክስቴ የሚፈልጉት አረንጓዴውንና ኮምጣጣውን ግራኒ ስሚዝ ነው። ይህ ዝርያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1868 ዓ.ም. አውስትራሊያ ውስጥ፣ ሲድኒ አቅራቢያ በማሪያ አን ስሚዝ ቦታ በበቀለች አንዲት ዛፍ ላይ ተገኘ። ፖም ከዘር ሲበቅል እናቱን አይመስልም። ስለዚህ ዛሬ ያለ የግራኒ ስሚዝ ዛፍ ሁሉ ቅርንጫፍ ከግንድ ጋር እየተጣበቀ ከዚያች አንዲት ዛፍ የተባዛ ነው።

ኮምጣጣ መሆኑ ለጣዕም ብቻ አይደለም። የፖምን ሥጋ አያይዞ የሚያቆመው ፔክቲን የሚባል ነገር ነው። ሙቀት ፔክቲኑን ሲያሟሟው ፖሙ ይፈርሳል። አሲድ ያለበት ፖም ውስጥ ግን ፔክቲኑ ቶሎ አይሟሟም። ኮምጣጣው ፖም በስሎም ቅርጹን የሚጠብቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ምርጫው የሚጀምረው በስፋት ነው። አክስቴ ገበያ ሲሄዱ አፉ 7 ሴንቲሜትር የሆነ ብርጭቆ በቦርሳቸው ይይዛሉ። ፖሙን አፉ ላይ ያስቀምጡታል። ወደ ውስጥ ከገባ ያንሳል። ጠርዙ ላይ ጥቂት ተርፎ ከተቀመጠ ይወስዱታል፤ ሲላጥ ልኩ ይመጣል። አራት ፖም ይበቃል። አንዱ ከ150 እስከ 170 ግራም ይመዝናል።

ልኩ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። መጋገሪያው 24 ሴንቲሜትር ነው። እያንዳንዱ ግማሽ ፖም 7 ሴንቲሜትር ከሆነ አንዱን መሃል፣ ስድስቱን ዙሪያ ሲያስቀምጧቸው በሁሉም መካከል ከ7 እስከ 8 ሚሊሜትር ክፍተት ይቀራል። በፖምና በፖም መካከል፣ በፖምና በመጋገሪያው ግድግዳ መካከል፣ በመሃለኛውና በዙሪያዎቹ መካከል ክፍተቱ እኩል ነው። ሊጡ የሚወጣው በዚህ ክፍተት ነው። ክፍተቱ ከጠበበ ሊጡ በእንፋሎት ታፍኖ ጥሬ ይቀራል። ከሰፋ ደግሞ ሊጡ ቶሎ ይነሳና ፖሙን ይውጠዋል። ከአራቱ ፖሞች ስምንት ግማሽ ይወጣል፤ ኬኩ የሚፈልገው ሰባት ነው። ስምንተኛው የራሱ ሥራ አለው፤ እመለስበታለሁ።

ፖሙ ይላጣል። ልጣጩ ድስት ውስጥ ይገባል። ፖሙ ከግንዱ መያዣ ወደ ታች ለሁለት ይከፈላል። ዕምብርቱ በሻይ ማንኪያ ጫፍ ይወጣል። አክስቴ እዚህ ላይ ቆጣቢ ናቸው፤ ፍሬውንና ጠንካራውን ሽፋን ብቻ አንስተው ጉድጓዱን ጥልቀት የሌለው ያደርጉታል። ጥልቅ ጉድጓድ ሊጡ ላይ ሲገለበጥ አየር ያፍናል፤ ኬኩ ሲቆረጥም ከፖሙ ሥር ባዶ ቦታ ይታያል። የወጣው ዕምብርትም ወደ ድስቱ ይሄዳል።

ቀጥሎ የቢላዋው ሥራ ይመጣል። ግማሹ ፖም ጠፍጣፋ ጎኑን ወደ ታች አድርጎ መክተፊያው ላይ ይቀመጣል። በግራና በቀኙ የሁለት የእንጨት ማንኪያ እጀታዎች ይጋደማሉ። የእጀታው ውፍረት 1 ሴንቲሜትር ነው። ቢላዋው ሲወርድ እጀታዎቹ ላይ ያርፋል እንጂ መክተፊያውን አይነካም። ስለዚህ ከ3 ሴንቲሜትር በላይ ከፍታ ያለው ፖም ሁለት ሦስተኛው ይሰነጠቃል፤ ከታች 1 ሴንቲሜትር ሳይነካ ይቀራል። በስንጥቅና በስንጥቅ መካከል ያለው ርቀት 3 ሚሊሜትር ነው። አንዱ ግማሽ ላይ ከ20 በላይ ስንጥቅ ይወጣል። ሲጨርሱ ፖሙ ከታች የተጠረዘ፣ ከላይ የሚገለጥ መጽሐፍ ይመስላል። በእጅ ሲያነሱት ቅጠሎቹ ትንሽ ይላወሳሉ እንጂ አይለያዩም።

የስንጥቁ ጥቅም ሦስት ነው። ሙቀት ወደ ፖሙ ውስጥ ቶሎ ይገባል፤ ፖሙና ኬኩም እኩል ይደርሳሉ። ከፖሙ የሚወጣው እንፋሎት ወደ ላይ መንገድ ያገኛል፤ ወደ ሊጡ አይወርድም። በመጨረሻም ልባጡ ወደ ውስጥ ዘልቆ የሚገባበት ቦታ ይኖረዋል። ያልተሰነጠቀ ፖም ላይ ልባጥ ቢቀባ ከላይ ብቻ ተቀምጦ ይቀራል።

የተሰነጠቀው ፖም ላይ ወዲያው ሎሚ ይቀባል። የተቆረጠ ፖም አየር ሲያገኝ ይጠቁራል፤ የሎሚው አሲድ ይህን ያዘገየዋል። ፖሞቹ ንጹህ ጨርቅ ላይ ጠፍጣፋ ጎናቸውን ወደ ታች አድርገው ያርፋሉ። ጨርቁ ከሥራቸው የሚወጣውን ውሃ ይጠጣል።

አሁን ሊጡ። 200 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 150 ግራም ጨው የሌለው የገበታ ቅቤ፣ 140 ግራም ስኳር፣ ያለ ቅርፊቱ 150 ግራም እንቁላል፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ወተት፣ 5 ግራም ቤኪንግ ፓውደር፣ ቁንጥር ጨው፣ የአንድ ሎሚ ልጣጭ ተፈግፍጎ፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ኮረሪማ። እንቁላሉ በቁጥር ሳይሆን በሚዛን ነው። የፈረንጅ እንቁላል ከሆነ ሦስት ይበቃል፤ የሐበሻ ከሆነ አራት ሊደርስ ይችላል።

ቅቤው ጣት ሲጫነው ቦታ የሚለቅ፣ ግን የማይቀልጥ መሆን አለበት። በቴርሞሜትር ሲለካ ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ነው። ከስኳሩ ጋር ለአምስት ወይም ለስድስት ደቂቃ ይመታል። የስኳሩ ቅንጣቶች ሹል ናቸው፤ ቅቤውን እየጫሩ በጥቃቅን የአየር አረፋ ይሞሉታል። ቅቤው ከቢጫነት ወደ ነጣ ያለ ቀለም ሲለወጥ የሚታየው ለውጥ የአየሩ ነው። ይህ ደረጃ ሊዘለል የማይችልበት ምክንያት አለ። ቤኪንግ ፓውደር አዲስ አረፋ አይፈጥርም፤ ያለውን አረፋ ያሳብጣል። እዚህ ላይ ያልገባ አረፋ ኦቨን ውስጥ አይወለድም።

እንቁላሉ አንድ በአንድ ይገባል። ከፍሪጅ የወጣ ቀዝቃዛ እንቁላል ቅቤውን ያጠነክረውና ሊጡ ይቋጠራል፤ ስለዚህ አስቀድሞ ወጥቶ የቤቱን ሙቀት ይለምዳል። ዱቄቱ ከቤኪንግ ፓውደሩና ከኮረሪማው ጋር በወንፊት ይነፋል። ሦስት ጊዜ ተከፍሎ፣ ከወተቱ ጋር እየተፈራረቀ ይጨመራል። ከዚህ በኋላ ሚክሰሩ ይነሳል፤ ማንኪያ ይተካል። ዱቄትና ውሃ ሲገናኙ ብዙ ከታሸ ሊጡ ይጠነክራል፤ ለዳቦ ይበጃል፣ ለኬክ ግን አይሆንም። ነጭ የዱቄት መስመር ሲጠፋ አክስቴ እጃቸውን ያነሳሉ።

መጠኖቹ የጀርመን አይደሉም። አክስቴ መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ በጀርመኑ ልክ ሲጋግሩ ኬኩ ቶሎ ያብጥና መሃሉ ይሰረጉድ ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ አንድ የጋዝ አረፋ እዚህ ሲሶ ያህል ጨምሮ ይሰፋል። ኬኩ ሳይረጋ አረፋው ከተቀደደ ይወድቃል። መፍትሔያቸው አራት ማስተካከያ ነው። ቤኪንግ ፓውደሩን ከ8 ወደ 5 ግራም ቀነሱ። ውሃ በቀላሉ ስለሚተን አንድ ማንኪያ የነበረውን ወተት ወደ ሦስት አሳደጉ። ውሃው ሲተን ስኳሩ እየጠነከረ የኬኩን መርጋት ስለሚያዘገይ ከ150 ግራም 10 ግራም ስኳር ቀነሱ። የኦቨኑንም ሙቀት ከ175 ወደ 185 ዲግሪ ከፍ አደረጉ፤ ኬኩ አረፋው ሳይፈነዳ ቶሎ እንዲረጋ ነው።

ሊጡ ቅቤ ተቀብቶ ከሥሩ ወረቀት የተነጠፈበት መጋገሪያ ውስጥ ይገባል። ሲስተካከል ከፍታው ከአንድ ተኩል ሴንቲሜትር ትንሽ ይበልጣል። ፖሞቹ ከጨርቁ ይነሳሉ። ጠፍጣፋ ጎናቸው ዱቄት በስሱ ይነካል፤ የቀረውን እርጥበት የሚይዘው እሱ ነው። ከዚያ አንዱ ጠርዝ ቀድሞ ይወርዳል፣ ሌላው ይከተላል። አየሩ በተከፈተው በኩል ይወጣል። መጀመሪያ መሃለኛው፣ ቀጥሎ ስድስቱ። የስድስቱ ስንጥቅ የመጋገሪያውን ጠርዝ ተከትሎ ይሄዳል እንጂ ወደ መሃል አያመለክትም። ኬኩ ኋላ ከመሃል ወደ ጠርዝ ሲቆረጥ ቢላዋው ስንጥቆቹን አቋርጦ ያልፋል፤ እያንዳንዱ ቁራሽም ቅጠል በቅጠል የተደረደረ ፖም ያሳያል።

ኬኩ በስሙ የሰመጠ ይባል እንጂ ፖሙ እምብዛም አይሰምጥም። ከፖም ይዘት ሩብ ያህሉ አየር ነው፤ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈውም ለዚህ ነው። ኦቨን ውስጥ የሚሆነው በአብዛኛው ተቃራኒው ነው፤ ሊጡ ያብጥና በክፍተቶቹ በኩል ወደ ላይ ይወጣል። ፖሙ በቦታው ሲቀር ሊጡ ወገቡ ድረስ ይደርስበታል። በመስታወቱ በኩል ሲታይ 20ኛው ደቂቃ ገደማ ጠርዙ ይነሳል፤ መሃሉ ይከተላል።

ኬኩ ከ45 እስከ 55 ደቂቃ ይቆያል። መድረሱን የሚነግረው የእንጨት ስንጥር ነው፤ የሚወጋውም በሁለት ፖሞች መካከል ነው። ፖሙን የወጋ ስንጥር ሁልጊዜ እርጥብ ሆኖ ይወጣል፤ ስለ ኬኩ የሚናገረው ነገር የለም። ሁለተኛው ምልክት የኬኩ ጠርዝ ከግድግዳው በ2 ሚሊሜትር ያህል መሸሹ ነው። የውጭ መጻሕፍት የኬክ መሃል 98 ዲግሪ ሲደርስ በስሏል ይላሉ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ያ ቁጥር እዚህ አይመጣም። እሱን የሚጠብቅ ሰው ኬኩን ያደርቀዋል።

ኬኩ በሚጋገርበት ጊዜ ድስቱ ሥራውን ይዟል። ልጣጩ፣ ዕምብርቱና ስምንተኛው ግማሽ ፖም ተከታትፎ በግማሽ ሊትር ውሃ በዝግታ ይንተከተካሉ። ፔክቲን በብዛት የሚገኘው በልጣጩና በዕምብርቱ አካባቢ ነው። ግማሽ ሰዓት ካለፈ በኋላ ልጣጩ ይገረጣል፤ ውሃው ሲነኩት በትንሹ ያሟልጫል። አሁን በንጹህ አቡጀዴ ይጠለላል። አይጨመቅም። ከተጨመቀ ሥጋው አብሮ ያልፍና ልባጡ ይደፈርሳል። ሩብ ሊትር ያህል ጥርት ያለ ጭማቂ ይወርዳል።

ጭማቂው ላይ 150 ግራም ስኳርና አንድ የሾርባ ማንኪያ ሎሚ ይጨመራል። ከዚያ እሳቱ ይበረታል። ስኳሩ ውሃውን ወደ ራሱ ይይዛል። አሲዱ የፔክቲኑ ክሮች እርስ በርስ እንዲያያዙ ያደርጋል። ውሃው እየቀነሰ ሲሄድ የሚፈላበት ሙቀት ከፍ ይላል። በባሕር ዳርቻ ይህ ዓይነቱ ጭማቂ የሚረጋው 104 ወይም 105 ዲግሪ ላይ ነው፤ ውሃ ከሚፈላበት 4 ወይም 5 ዲግሪ ከፍ ብሎ ማለት ነው። ይህ ልዩነት በየትም ቦታ ስለማይለወጥ አዲስ አበባ ላይ ከ96 እስከ 97 ዲግሪ ይሆናል። አክስቴ ቴርሞሜትሩን አይተው ብቻ አይወስኑም። የቀዘቀዘ ሳህን ላይ አንድ ጠብታ ያኖራሉ። ጥቂት ቆይተው በጣት ይገፉታል። ከፊቱ ሽብሽብ ካለ እሳቱ ይጠፋል። ቀለሙ የገለባ ወርቅ ነው። ልጣጩ ቀይ ቢሆን ኖሮ ሐምራዊ ጽጌረዳ ይሆን ነበር።

ኬኩ ከወጣ በኋላ 15 ደቂቃ መጋገሪያው ውስጥ ያርፋል። ከዚያ የመጋገሪያው ግድግዳ ይፈታና ኬኩ የሽቦ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ከሥሩ አየር ካላገኘ እንፋሎቱ ተመልሶ ታችኛውን ገጽ ያረጥበዋል።

ልባጡ ሁለት ጊዜ ይቀባል። የመጀመሪያው ኬኩ ገና ሞቅ እንዳለ ነው። ልባጡም ሞቅ ያለና ቀጠን ያለ ነው። ብሩሹ ለስላሳ ነው። ብሩሹን ሲሰጡኝ «ልጄ፣ በስንጥቁ አቅጣጫ ውሰደው፤ አታቋርጠው» አሉኝ። አቋርጦ የሚሄድ ብሩሽ የፖሙን ቅጠሎች ያነሳቸዋል፤ ጫፋቸውም ይሰበራል። በአቅጣጫው የሚሄድ ብሩሽ ግን ይከፍታቸዋል፤ ልባጡም በስንጥቁ ውስጥ ይወርዳል። ይህ የመጀመሪያው ቅብ ለዓይን አይደለም። ከሰዓታት በኋላ ሲታይ ላዩ ደብዘዝ ብሏል፤ ውስጥ ገብቶ አልቋል።

ሁለተኛው ቅብ የሚመጣው ኬኩ ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ ነው። ልባጡ ዳግም ሞቆ ከማንኪያ ጀርባ ላይ በዝግታ የሚወርድ ይሆናል። በጣም ከሞቀ ወደ ኬኩ ይፈሳል፤ ከቀዘቀዘ ብሩሹ እየጎተተ መስመር ይተዋል። አሁን ልባጡ ከላይ ይቀመጣል። ፖሙንም በመካከል ያለውን ኬክም በአንድ ገጽ ይሸፍናል። ገጹ ልሙጥ በመሆኑ ብርሃኑን ሳይበትን ይመልሰዋል። ሥራው ግን ማሸብረቅ ብቻ አይደለም። በበጋ የአዲስ አበባ አየር ደረቅ ነው፤ ያልተለበጠ የፖም ጫፍ በማግስቱ ተጨማዶ ይገኛል። ስኳር የበዛበት ስስ ገጽ ውሃውን ቶሎ አያስወጣም።

አክስቴ ኬኩን በዚያው ቀን አይቆርጡም። ሌሊቱን ተሸፍኖ ያድራል። በዚህ ጊዜ ከፖሙ ጥቂት ውሃ ወደ አጠገቡ ያለው ኬክ ይሻገራል፤ ጠርዙ ላይ ደርቆ የነበረው ቅርፊት ይለሰልሳል። በማግስቱ ስለታም ቢላዋ ሙቅ ውሃ ነክቶ፣ ተጠርጎ ይቆርጣል።

የቁራሹን ጎን ተመለከትኩ። ከታች ወጥ የሆነ፣ ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው ቢጫ ኬክ። ከዚያ የፖሙ ሥር፤ በፖሙና በኬኩ መካከል የላቆጠ መስመር የለም። ከላይ 3 ሚሊሜትር 3 ሚሊሜትር የሆኑ የፖም ቅጠሎች፣ በመካከላቸው ቀጭን የልባጥ መስመር። ሹካ ሲነካው ፖሙና ኬኩ አብረው ይቆረጣሉ፤ አንዱ ቀድሞ አንዱ አይጎተትም። ኮምጣጣው መጀመሪያ ይመጣል፣ ቅቤው ይከተላል፣ ኮረሪማው መጨረሻ ላይ ይቀራል።

ለመሞከር ለሚያስብ ሰው የምለው ይህን ነው። የወጥ ቤት ሚዛን ይኑርዎት። ፖሙን በስፋቱ ይምረጡ። መጠኑን እርስዎ ለሚኖሩበት ከፍታ ያስተካክሉ፤ የሐዋሳና የደብረ ብርሃን ልክ አንድ አይሆንም። ልጣጩንና ዕምብርቱን ግን አይጣሉ። ለልባጥ ብሎ ማርማላታ የሚገዛ ሰው፣ የሚፈልገውን ፔክቲን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጨምሮ ነው ወደ ሱቅ የሚሄደው።